አብስትራክት ሥዕል ፊት ስንቆም ምን እናያለን?

አብስትራክት ሥዕል ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ነገር የሚበላሸው መልሱ ቶሎ ሳይመጣ ሲቀር ነው። አንዱ «ይሄንማ የኔም ልጅ ይሞነጫጭረዋል» ብሎ ጥሎ ይሄዳል። ሌላው «የተማረ ይወቀው፣ እኔ አይገባኝም» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ሁለቱም ሥዕሉን አላዩትም።

እኔ የምኖረው ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የመሀል ከተማ ኪራይ ያባረራቸው ሰዓሊዎች ወደኛ ወደ ዳር መውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ከሕንፃው ሥር ያሉትን የሱቅ ክፍሎች ይከራያሉ። በአንድ በኩል ሚኒ ማርኬት፣ በሌላ በኩል ፀጉር ቤት፣ መሀል ላይ ስቱዲዮ። በር ከፍተው ስለሚሠሩ አላፊ አግዳሚው ጎራ ይላል። ጋለሪ ረግጦ የማያውቅ ሰው እንጀራ ሊገዛ ወጥቶ ሥዕል ፊት ይቆማል። ስለዚህ ጉዳዩ የምሁራን ብቻ አይምሰላችሁ። እዚህ ሰፈር በየቀኑ የሚነሳ ጥያቄ ነው፦ ሰዓሊዋ ምን ልትል ፈልጋ ነው? እኔስ ያየሁትን ነገር ማየት ይፈቀድልኛል?

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። አብስትራክት፣ ወይም አንዳንዶች እንደሚሉት ረቂቅ ሥዕል፣ ሰውን፣ ዛፍን ወይም ቤትን አስመስሎ ለማሳየት የማይጣጣር ሥዕል ነው። አንዳንዱ ከሚታይ ነገር ይነሳና እየቀነሰ፣ እያቀለለ ይሄዳል። ተራራው ይጠፋና ዳገቱና ክብደቱ ብቻ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ሲነሳም ምንም ነገር አይዝም። ቀለም፣ መስመር፣ ቅርጽ፣ ስፋት፤ በቃ።

ሩሲያዊው ዋሲሊ ካንዲንስኪ በወጣትነቱ የሕግ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ሞስኮ ውስጥ በተከፈተ የፈረንሳይ ሥዕሎች ዐውደ ርዕይ ላይ የክሎድ ሞኔን የድርቆሽ ክምር ሥዕል አየ። ክምር መሆኑን ግን አልለየውም፤ የነገረው ካታሎጉ ነው። በመጀመሪያ ከፋው። ሰዓሊ እንዲህ ነገሩ እስከማይለይ ድረስ የመሣል መብት የለውም ብሎ አሰበ። ሥዕሉ ግን ከአእምሮው አልወጣ አለው። ምን እንደሆነ ያላወቀው ነገር እንዴት እንዲህ ያዘው? ካንዲንስኪ በኋላ የአብስትራክት ሥዕል ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ብቻውን አልነበረም። ስዊድናዊቷ ሂልማ አፍ ክሊንት ከ1906 ጀምሮ፣ ካዚሚር ማሌቪች ደግሞ በ1915 በጥቁር አራት ማዕዘኑ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የካንዲንስኪ ጥያቄ ግን ዛሬም የኛ ጥያቄ ነው። ያላወቅነው ነገር ለምን ይይዘናል?

ለኛ ይሄ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። እንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የሸማኔዎቹን ጥለት እዩ። የምን ሥዕል ነው? የምንም። መስመር ነው፣ ቀለም ነው፣ ድግግሞሽ ነው። ሆኖም «ይሄ ጥለት ምንድን ነው?» ብሎ የተናደደ ገበያተኛ አላየሁም። «ይሄኛው ይከብዳል»፣ «ይሄኛው ለሰርግ ይሆናል»፣ «አረንጓዴው በዛ» እያለ ይመርጣል። ትርጉሙንም ያውቃል። ነጠላው ለበዓል ሲለበስ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ለቅሶ ሲሆን ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ትከሻ ይመጣል። ያው ነጠላ ነው፣ ያው ጥለት ነው፤ ቦታው ሲለወጥ ሐዘን ይናገራል። ምስል የሌለው ነገር ትርጉም ሊሸከም እንደሚችል እናቶቻችን ሲያሳዩን ነው የኖሩት።

ከጥለት ይልቅ ግን ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመን ክታብ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የድሮው ክታብ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ በተሠራ ብራና ላይ ይጻፋል። ደብተራው የግዕዝ ጸሎት ይጽፍበታል፤ በጸሎቶቹ መሀል ጥልሰም ይሥላል። ጥልሰሙ ምንድን ነው ቢባል ለመናገር ያስቸግራል። ዓይኖች አሉ፣ አፍጥጠው የሚያዩ። ኮከብ የሚመስል ቅርጽ አለ፣ መሀሉ ላይ ፊት የበቀለበት። እንደ መረብ የተጠላለፈ መስመር አለ። ብዙ ጊዜ የክታቡ ርዝመት ከባለቤቱ ቁመት ጋር እኩል ይደረጋል፤ ጥበቃው ከራስ እስከ እግር እንዲደርስ። የባለቤቱም ስም ጸሎቱ ውስጥ ይገባል።

የደብተራው ዓላማ እንግዲህ ግልጽ ነው። ውበት አይደለም፤ በሽተኛውን መፈወስ ነው። ዋናው ተመልካችም ሰው አይደለም። ያ ዓይን የተሣለው በሽተኛው ላይ ያደረው መንፈስ አይቶት እንዲሸሽ ነው። ከዚህ የጠራ የአርቲስት ዓላማ ከየት ይመጣል?

አሁን ያንኑ ክታብ መስታወት ውስጥ አስቡት። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ክታቦች አሉት። ፊቱ የሚቆመው ተማሪ ወይም ቱሪስት በሽተኛ አይደለም። ግዕዙን ላያነብ ይችላል። መንፈሱንም ላያምንበት ይችላል። ስለዚህ ዓላማው በእሱ ላይ አይሠራም ማለት ነው? ሙሉ በሙሉ እንዲያ አይደለም። ሰውየው ዓይኑን ሲያይ ዓይኑ መልሶ ያየዋል። ትንሽ ይረበሻል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጠጋል። ለምን? ደብተራው ያን ዓይን ሲሥል እንዲያፈጥ አድርጎ ሣለው። ዓላማው ቅርጽ ሆኖ ብራናው ላይ ቀርቷል። ዓላማውን የማያውቀው ሰው እንኳ ቅርጹን ያገኘዋል።

ዋናው ሐሳቤ ይሄ ነው። የሰዓሊ ዓላማ እኛን የሚደርሰን ሥራው ላይ ባሳረፈው ምልክት በኩል ነው። ምልክት ያላሳረፈው ዓላማ የግል ትዝታው ነው። ምልክቱ እስካለ ድረስ ደግሞ ተመልካች ከዓላማው ያለፈ ነገርም ሊያይበት ይችላል።

ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) ይሄን በደንብ የተረዳ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ለንደንና ፓሪስ ቆይቶ፣ የጥልሰሙን ዓለም ወደ ዘመናዊ ሥዕል አመጣው። ብራና ላይም ሠርቷል። ማንንም ለመፈወስ አልነበረም፤ ዓላማው ሌላ ነው። ዓይኖቹ፣ ጥቅልሎቹ፣ የተጠላለፉት መስመሮች ግን ጉልበታቸውን ይዘው መጡ።

የገብረ ክርስቶስ ደስታም ታሪክ እዚህ ይገባል። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ የከተማው ሰው እንዲህ ያለ ነገር አልለመደም ነበር። ከባሕላችን የራቀ፣ ከውጭ የተቀዳ ነው ያሉ ነበሩ። እሱ ግን ሰዓሊም ገጣሚም ነበር፤ በሁለቱም ያው ሰው ነው። የዚያው ዓመት ሥራው የሆነውን «ጎልጎታ»ን አስቡት። ቀዩ ያይላል። ርዕሱን ከማንበባችሁ በፊት የምታዩት ቀይ ቀለምና ግፊት ነው። ርዕሱን ስታነቡ ቀዩ ደም ይሆናል፣ ሰሙነ ሕማማት ይመጣል። ኦርቶዶክስ ሆኖ ላደገ ሰው ስግደቱና ጾሙ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ርዕስ እንዲህ ኃይለኛ ነገር ነው። ስለዚህ የምመክረው መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ርዕሱን፣ ከዚያ እንደገና ሥዕሉን ማየት ነው። ርዕሱን አስቀድማችሁ ካነበባችሁ ዓይናችሁ ሥራ ያቆማል። ርዕሱን የሚያረጋግጥ ነገር ብቻ ፈልጎ ይመለሳል።

ስለ ዓላማ አንድ የውጭ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። አሜሪካ ይኖር የነበረው ማርክ ሮትኮ በትልልቅ ሸራ ላይ ጠርዛቸው የደበዘዘ ሁለት ሦስት የቀለም አራት ማዕዘኖችን ይደረድር ነበር። ሰዎች አብስትራክት ሰዓሊ ሲሉት አይቀበልም። ጉዳዬ የቀለምና የቅርጽ ግንኙነት አይደለም፣ የሰው መሠረታዊ ስሜት ነው ይል ነበር። ሥዕሎቹን ሰዎች በጣም ተጠግተው እንዲያዩአቸው ይፈልግ ነበር፤ ቀለሙ ዙሪያቸውን እንዲከባቸው። ይሄም ዓላማ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ቃል የለበትም። «ሥዕሉ ይሄን ማለት ነው» ተብሎ የሚተረጎም መልእክት አልደበቀም። እኛ በቅኔ ስላደግን ከሰሙ ሥር ወርቅ እንፈልጋለን። ወርቁ ካልወጣ የተሸወድን ይመስለናል። ሮትኮ ፊት ግን ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር የለም። የሚታየው ሁሉ ከላይ ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ሰዓሊ ጎረቤት አለችኝ። ባለፈው ክረምት ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሸራ ግድግዳዋ ላይ ወጥራ ትሠራ ነበር። ታችኛው ሁለት ሦስተኛ ቡናማ ነው። ግን አንድ ዓይነት ቡናማ አይደለም። መጀመሪያ ቢጫ ተቀብቷል፣ በላዩ ቡናማ ተደርቧል፣ ከዚያ በስፓቹላ ተፍቋል። ፍቀቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ረጃጅም ነው፣ አልፎ አልፎ ይቆራረጣል። በየፍቀቱ ሥር ቢጫው ብልጭ ይላል። ላይኛው ክፍል አመድማ ነው፤ አልተነካም። ቀኝ ጠርዙ ላይ ጣት የማታክል አረንጓዴ አለች።

በሩ ክፍት ስለሆነ ሰው ይገባል። አንድ ቀን ከጎን ሕንፃ የሚሠራ ለሳኝ ልብሱ ላይ ጀሶ እንዳለ ገባ። ሸራውን ዝም ብሎ አየው። ቀጥሎ «ይሄ እርጥቡ ላይ ነው የተፋቀው አይደል እህቴ? ቢደርቅማ ጠርዙ ይፈረፈር ነበር» አላት። ጣቱን አየር ላይ እየሳበ ጨመረ፤ «እዚህ ጋ ፈጥነሻል። እዚህ ጋ ደግሞ እጅሽ ደክሟል።» ልክ ነበር። ስለ ትርጉሙ አንድ ቃል አልተናገረም። ሥራው እንዴት እንደተሠራ ግን ከማንም በላይ አነበበው።

ሌላ ቀን አንዲት እናት መጡ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ አካባቢ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ረጅም ጊዜ ቆሙ። «ታርሶ የተተወ መሬት ነው» አሉ። «ዘር አላገኘም ልጄ።» አብሯቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከታች በግራ በኩል ያለውን ቡናማ እብጠት እያሳየ «አንበሳ! ያው ጭራው!» ብሎ ጮኸ።

ሰዓሊዋ ሥዕሉን የጀመረችው እርሻም አንበሳም አስባ አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ በመስኮቷ ሥር እያለፈ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። የማያልቅ ክብደት ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲያልፍ። ዓላማዋ ይሄ ነበር።

ታዲያ ማን ነው ልክ? ብዙ ሰው ወይ «ሰዓሊዋ ናታ፣ የሠራችው እሷ» ይላል፣ ወይ «ሁሉም ልክ ነው፣ ሥዕል እንደተመልካቹ ነው» ይላል። ሁለቱም መልስ ቀላል ስለሆነ ይማርካል። ሁለቱም ግን ሸራውን ትቶታል።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ እንዲህ ነው። አንድ ትርጓሜ የሥዕሉን ምን ያህል ያስረዳል? የልጁ አንበሳ አንድ ጥግ ያስረዳል። ፍቀቱን አያስረዳም፣ አመዱን አያስረዳም፣ አረንጓዴዋን አያስረዳም። ደመና ላይ ግመል እንደማየት ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን ደመናውን አይነግረንም። የእማማን እንይ። ፍቀቱ ትልም ይሆናል። ቡናማው አፈር፣ ከሥር የሚታየው ቢጫ ያለፈው ዓመት አዝመራ ቃርሚያ ይሆናል። ያልተነካው አመድማ ዝናብ ያልሰጠ ሰማይ። አረንጓዴዋ ተርፋ የቀረች። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሄዱበት። የሰዓሊዋ የሲኖትራክ ሐሳብ ደግሞ ክብደቱን፣ አቅጣጫውንና መቆራረጡን ያስረዳል። አረንጓዴዋን ግን አያስረዳም። ስትጠየቅም «ዝም ብላ መጣች» ነው ያለችው፤ ልትሸፍናት አስባ ነበር።

ስለዚህ እማማ ከሰዓሊዋ ዓላማ የበለጠ የሸራውን ክፍል አስረዱ። የሰዓሊዋ ዓላማ ግን ውሸት አልሆነም። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። በሁለቱም ከባድ ነገር ከግራ ወደ ቀኝ አልፏል፣ ምልክት ትቷል፣ የተጠበቀው አልመጣም። ለሳኙ በጣቱ የተከተለው ያንኑ ጉዞ ነው። ሦስቱም ከአንድ ቦታ ነው የተነሱት፤ ሸራው ላይ ካለው ምልክት። ሰዓሊዋም አረንጓዴዋን ሳትሸፍናት ተወቻት። እማማን ከሰማች በኋላ ሥዕሏን እንደ አዲስ ተመልካች አየችው። ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰዓሊ ብሩሹን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ባፈገፈገ ቁጥር የራሱ ሥራ ተመልካች ይሆናል። ዓላማውም እዚያው እየሠራ ይለወጣል።

በምዕራቡ ዓለም ይሄ ክርክር የቆየ ነው። ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1946 በተለይ ስለ ግጥም ሲጽፉ የደራሲው ሐሳብ የሥራው መመዘኛ ሊሆን አይገባም ብለው ተከራከሩ። ሐሳቡን እንደ ልብ ልናገኘው አንችልም፤ ብናገኘውም ሥራው በራሱ መቆም አለበት ነው ነገሩ። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ሰዓሊዋ ስለ ሲኖትራኩ ስትነግረኝ በፊት ያላየሁትን መቆራረጥ አየሁ። ዓላማ ጥሩ ጠቋሚ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ግን አይደለም።

ጠቋሚነቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም የኔዘርላንዳዊው አብስትራክት ሰዓሊ የፒየት ሞንድሪያን አንድ ሥራ ያሳያል። ሞንድሪያን እ.ኤ.አ. በ1941 ባለቀለም የማጣበቂያ ጥብጣቦችን ሸራ ላይ አግድምና ሽቅብ ለጥፎ ሠራው። ሥራው ከ1945 ጀምሮ በሙዚየም ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ጀርመን ዱሰልዶርፍ ያለው ሙዚየም ባለሙያ ተገልብጦ የተሰቀለ ሳይሆን አይቀርም አለች። ምልክቱ ከሁለት ቦታ መጣ። አንደኛ፣ በ1944 የሰዓሊው ስቱዲዮ ውስጥ በተነሳ ፎቶ ላይ ሥዕሉ በሌላው አቅጣጫ ቆሟል። ሁለተኛ፣ ጥብጣቦቹ ራሳቸው ከየት ተጀምረው የት እንዳለቁ ይናገራሉ። መስመሮቹ የተጠጋጉበት ክፍል ከላይ መሆን ነበረበት። ሙዚየሙ አልገለበጠውም፤ ጥብጣቡ ስላረጀ ቢዞር ሊላቀቅ ይችላል።

አንዳንዱ ይሄን ሰምቶ «አያችሁ፣ ማንም ልብ አላለም፤ አብስትራክት ማጭበርበር ነው» አለ። እኔ ሌላ ነገር ነው የማየው። ለ75 ዓመት ያህል ሰዎች ያገኙት ምት ውሸት አልነበረም፤ የቀለሞቹ ውዝዋዜ ተገልብጦም አለ። ግን ሙሉ አልነበረም። ጥቅጥቁ መስመር ከታች ሲሆን መሠረት ይመስላል፣ ከላይ ሲሆን ይጫናል። ስሜቱ ይለያያል። የሰዓሊውን ውሳኔ ማወቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

«ልጄም ይሥለዋል» ለሚለው ደግሞ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 አንጀሊና ሃውሊ ዶላንና ኤለን ዊነር የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕሎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ለሰዎች አሳዩ። አንዱ የታወቀ አብስትራክት ሰዓሊ ሥራ ነው። ሌላው የሕፃን፣ ወይም የዝንጀሮ፣ ወይም የዝሆን ነው። የቱ ይሻላል ተብለው ሲጠየቁ ሰዎቹ ከአጋጣሚ በላይ የሰዓሊውን መረጡ፤ በአብዛኛው ከ10 ስድስት ሰባቱን። ሥዕል ያልተማሩትም፣ የባለቤቶቹ ስም በሥዕሎቹ ላይ ተቀያይሮ ሲለጠፍም ጭምር። የሚሳሳቱበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይሄ መካድ የለበትም። ግን ሳያውቁት ውሳኔ ያለበትንና የሌለበትን ይለያሉ ማለት ነው።

ቅርጽ ብቻውን ስሜት እንደሚሰጥ ደግሞ ቤታችሁ ሞክሩት። ወረቀት ላይ አንድ ሹል ሹል ያለ ኮከብ፣ አንድ ደግሞ ድቡልቡል ያለ ቅርጽ ሣሉ። አንዱ «ቡባ»፣ አንዱ «ኪኪ» ይባላሉ፤ የቱ የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ራማቻንድራንና ሃባርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደጻፉት ከ100 ሰው 95ቱ ድቡልቡሉን ቡባ፣ ሹሉን ኪኪ ይለዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1929 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኮህለር ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር። ማንም አላስተማረንም፤ ግን ቅርጹ ድምፅ አለው፣ ጠባይ አለው። አብስትራክት ሰዓሊ የሚሠራው በዚህ ነው።

ተመልካች ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ሰዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ የግዕዝ ፊደላትን እየቆራረጠ፣ እየዘረጋ፣ እየጠመዘዘ ሸራ ላይ ይበትናቸዋል። አማርኛ የማያነብ ሰው የሚያምር ቅርጽ ያያል። እኛ ግን ልናነብ እንሞክራለን። «ይሄ መ ነው… አይ፣ ሠ ነው» እንላለን። ቃል አይሞላልንም። የሆነ ነገር ምላሳችን ጫፍ ላይ ደርሶ የሚመለስ ይመስለናል። ሸራው አንድ ነው፤ የኛ ልምድ ግን ፊደሉን ከማያነበው ተመልካች ይለያል። ይሄ ስሜት የኛ ብቻ ስለሆነ ትክክል አይደለም ማለት አይቻልም። ፊደሉ በእርግጥ እዚያ አለ።

ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰጠው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ በኩል መካኒሳ ደግሞ ዞማ ሙዚየም አለ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈቱት ነው። የግቢው ግድግዳ ራሱ በእጅ የተቀረጸ ነው፤ በጣታችሁ ተከተሉት። ኤልያስ የሚታወቀው ከመርካቶ በሚሰበስበው የተጣለ ኤሌክትሮኒክስ በሚሠራቸው ሥራዎቹ ነው። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን የሚታይ ማሳና መንገድ ይመስላል። ስትጠጉ የተጎነጎነ የስልክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ቁልፍ፣ ሰርኪት ቦርድ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ያጣል። ሩቅ ቁሙ፣ ተጠጉ፣ ተመለሱ። ጊዜ ስጡት። አንድ ሥዕል ፊት አምስት ደቂቃ መቆም ሃያ ሥዕል ገረፍ እያደረጉ ከማለፍ ይሻላል። «አልወደድኩትም» ማለትም መብት ነው፤ ብቻ የቱን ክፍል እንዳልወደዳችሁ ንገሩ።

ሰዓሊ ካገኛችሁ ደግሞ «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» አትበሏት። አብዛኞቹ በቃል ቢችሉ ኖሮ አይሥሉም ነበር። ይልቅ ስለ ሥራው ጠይቁ። የቱ ቀለም ቀድሞ ገባ? ምን ሸፈንሽ? የቱ ቦታ አስቸገረሽ? ማለቁን በምን አወቅሽ? ጎረቤቴን ይሄን የመጨረሻውን ጠይቄያት ነበር። «አንድ ቦታ ስነካ ሌላ ሦስት ቦታ መንካት ሲኖርብኝ አላለቀም። ብነካው የሚበላሽ ሲሆን አልቋል» አለችኝ። ሸራው አጠገብ ይዛኝ ሄደችና የቱን አራት ጊዜ እንደፋቀችው አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያ ጥግ ለምን ከሌላው ይልቅ እንደሚከብድ የገባኝ።